በሩና ግድግዳው፤ የሬምብራንት የቤት ውስጥ ወርክሾፕ

በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች። ቁመቷ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከተገለጠ ደብተር ብዙም አትበልጥም። ሬምብራንት ቫን ሬይን በ1628 ገደማ፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ግድም ሳለ፣ በትውልድ ከተማው በላይደን የሠራት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሥዕሏ ውስጥ አንድ ወጣት ሠዓሊ ሰፊ ካባ ለብሶ፣ ብሩሹን ይዞ፣ ከክፍሉ ጥግ ራቅ ብሎ ቆሟል። ከፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለእኛ የሰጠ ግዙፍ የሥዕል ማቆሚያ ተገትሯል፤ በላዩ ያረፈው ሥዕል ምን እንደሆነ አይታየንም። ወለሉ ያረጀ ሳንቃ ነው። የግድግዳው ልስን ተላልጧል። ሁለት የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። በስተቀኝ በኩል ደግሞ በር አለ።

ስለዚህች ሥዕል የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ሠዓሊው ስለሚያስበው ነገር ነው። እኔን ግን ዘወትር የሚይዘኝ በሩ ነው። ሠዓሊው ከበሩ ማዶ ቆሟል፤ በእርሱና በበሩ መካከል የተገተረው ሥራው ነው። ከዚያ ክፍል መውጣት ቢፈልግ በሥራው አጠገብ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሥራውም በበኩሉ አንድ ቀን በዚያ በር መውጣት አለበት፤ አለዚያ እንጀራ አይሆንም።

በቤቱ ውስጥ የሥራ ቦታ ለማበጀት ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ መሣሪያው ነው። መዶሻውን፣ መጋዙን፣ ብሩሹን ይቆጥራል። የበሩንና የግድግዳውን ነገር የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው። ቁም ሣጥኑን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ በበሩ አልወጣ ቢለው መቃኑን የነቀለ አናጢ ወሬ በየሰፈሩ ይወራል፤ እንስቃለንም። የሬምብራንት ታሪክ ግን ከዚህ ወሬ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ የሚለየው የእርሱ የሚያስቅ አለመሆኑ ነው።

በጥር ወር 1639 ሬምብራንት በአምስተርዳም ከተማ፣ በሲንት አንቶኒስብሬስትራት፣ አንድ ትልቅ ቤት ገዛ። ዛሬ ያ መንገድ ዮደንብሬስትራት ይባላል። በእኛ አገር ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ቤቱ በ1606 ገደማ የተሠራና ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ፎቅ የተጨመረበት ነው። ዋጋው 13,000 ጊልደር። ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አንድ ነገር ብቻ እንይ፦ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «የሌሊት ዘብ» የተሰኘው ሥዕሉ ያስገኘለት 1,600 ጊልደር ያህል ነው። ቤቱ እንግዲህ ከስምንት «የሌሊት ዘብ» በላይ ነበር ማለት ነው። ዋጋውን በአንድ ጊዜ አልከፈለም፤ ከፊሉን ሰጥቶ የቀረውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊከፍል ፈረመ።

ለምን ያን ቤት መረጠ? ጎረቤቱ ሄንድሪክ አውለንቡርግ የተባለ የሥዕል ነጋዴ ነበር፤ ሬምብራንት ወደ አምስተርዳም ሲመጣ ያረፈውም የሠራውም እርሱ ዘንድ ነው፤ ባለቤቱ ሳስኪያም የነጋዴው ዘመድ ነበረች። ሰፈሩ የሠዓሊዎችና ከፖርቱጋል የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። ይህ ሁሉ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቤቱን በሠዓሊ ዓይን የተመለከተ ሰው ሌላ ምክንያት ያገኛል። በአንደኛው ፎቅ ያለው ትልቁ ክፍል ወደ መንገዱ፣ ወደ ሰሜን ይመለከታል። በሰሜን በኩል የሚገባ ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ የማትመታው ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም፤ ፊት ለሚሥል ሰው ከዚህ የሚሻል ስጦታ የለም። የዘመኑ የሆላንድ መስኮት የታችና የላይ መዝጊያ ነበረው። ሠዓሊው የታችኛውን ዘግቶ የላይኛውን ሲከፍት ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግንባርና አፍንጫ ይበራሉ፣ የዓይን ጎድጓዳ ይጨልማል። «የሬምብራንት ብርሃን» እያልን የምናደንቀው ነገር አንዱ ምንጭ ይህ የመስኮት መዝጊያ ነው ብንል ሊቁን አናሳንሰውም። በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም የሚገኝ በ1654 ገደማ የተሠራ ንድፍ አለ፤ መስኮቱን፣ በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት፣ የሥዕል ማቆሚያውን፣ ሁሉንም በጥቂት የብዕር ጭረት ያሳያል። ሰውየው የሥራ ክፍሉን ራሱን እንደ ሞዴል ያየው ነበር።

የቤቱ ግድግዳዎች ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ ነበራቸው። በምድር ቤቱ ያለው የመግቢያ አዳራሽና ከጎኑ ያለው ክፍል ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈኑ ነበሩ፤ የእርሱም የሌሎችም። ሬምብራንት ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ ሥዕል ይሸጥም ነበር። ደንበኛ በዋናው በር ገብቶ ኮፍያውን ሲያወልቅ ግድግዳው ቀድሞ ያነጋግረዋል። ከላይ፣ በፎቅ፣ ያሉት ግድግዳዎች ግን ለዕቃ ነበሩ። ዛጎል፣ የጦር መሣሪያ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከኖራ የተቀረጹ የሮማ ነገሥታት ጭንቅላት፣ በየመደርደሪያው ተደርድረው ነበር። አንዳንዱ ለሥዕል አስፈላጊ ነው። አንዳንዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐራጅ ሲያይ እጁ የማያርፍ ሰው የሰበሰበው ነው።

በጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ተማሪዎች ይሠሩ ነበር። ዮአኪም ፎን ሳንድራርት የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ በእነዚያ ዓመታት አምስተርዳም ይኖር ነበርና፣ የሬምብራንት ቤት እያንዳንዳቸው በዓመት 100 ጊልደር በሚከፍሉ ተማሪዎች የተሞላ እንደነበር ጽፎልናል። እነዚህ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የአንዱን እንዳይቀዳ ሬምብራንት በጊዜያዊ መከለያ ይለያያቸው ነበር። አርኖልድ ሃውብራከን በ1718 ባሳተመው የሠዓሊዎች ታሪክ መከለያዎቹ ከወረቀት ወይም ከሸራ እንደነበሩ ይነግረናል፤ እርሱ የሚተርከው ሬምብራንት ቀድሞ ተከራይቶት ስለነበረ መጋዘን ነው። ከዚያም አንድ ወሬ ይጨምራል። በአንድ የሙቀት ቀን አንዱ ተማሪ ከሞዴሏ ጋር በመከለያው ውስጥ ልብሱን አውልቆ «አሁን እኛ እንደ አዳምና ሔዋን ነን» ሲል መምህሩ በስንጥቅ ሰማው፤ በበትሩም በሩን መትቶ «እንግዲያስ ከገነት ውጡ» ብሎ ሁለቱንም አባረራቸው ይላል። ወሬው እውነት ይሁን ቀልድ፣ የወረቀት ግድግዳ ምን እንደሚደብቅና ምን እንደማይደብቅ በደንብ ያስተምራል።

አሁን ወደ ትልቁ ችግር እንምጣ። ቤቱን በገዛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የካፒቴን ፍራንስ ባኒንክ ኮክ የከተማ ዘብ ጓድ ለስብሰባ አዳራሹ የሚሆን ሥዕል አዘዘው። አዳራሹ ክሎቬኒርስዱለን ይባላል። በዚያ አዳራሽ ግድግዳዎች ላይ የስድስት ሠዓሊዎች ሥራ እንዲሰቀል ታስቦ ነበር፤ ሳንድራርትም አንዱ ነው። እያንዳንዱ ሠዓሊ የሚሥለውን ከመወሰኑ በፊት የተሰጠውን ግድግዳ መለካት ነበረበት። ባርቶሎሜውስ ቫን ደር ሄልስት ለምሳሌ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ያነሰ፣ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ተኩል የሚደርስ ሥዕል ሠራ፤ ሰዎቹን እንደ አጥር አሰልፎ። ለሬምብራንት የደረሰው ግድግዳ ቁመቱ ከአራት ሜትር በላይ፣ ስፋቱ ከአምስት ሜትር በላይ የሆነ ሥዕል የሚፈልግ ነበር።

በ13,000 ጊልደር የገዛው፣ ብርሃኑ ያማረ፣ የሚያኮራው የሥራ ክፍል ይህን ሥዕል የሚችል አልነበረም። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት «የሌሊት ዘብ» የተሠራው ከቤቱ በስተኋላ ባለው ግቢ፣ በግንቡ ላይ ተደግፎ በተሠራ ዳስ መሰል መጠለያ ውስጥ ነው። ሸራው ራሱ በአግድም ከተሰፉ ሦስት ቁራጮች የተገጣጠመ ነው፤ ያን ያህል ስፋት ያለው አንድ ወጥ ጨርቅ የሚሠራ የሸማኔ ዕቃ አልነበረምና። እንግዲህ አስቡት። ፊት ለፊት የደንበኛ አዳራሽ፣ በፎቅ የሰሜን ብርሃን፣ በጣሪያው ሥር የተማሪ ክፍል ያለው ሰው፣ ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየውን ሥራ ከቤቱ ውጭ፣ በጓሮ ሠራ። ሥዕሉ በ1642 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሳስኪያ ዓመት ያልሞላው ልጇን ቲቱስን ጥላ በዚያው ቤት ሞተች።

የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ የተሸፈነው በቀጥታ በልስኑ ላይ በተሣለ ሥዕል ሳይሆን፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሥዕል ነው። ጨርቅ ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለ ነገር በጠባብ በር ይገባል። ሠዓሊውም በመረጠው ቦታ ቁጭ ብሎ መሥራት ይችላል። ጉዳቱ የታየው ቆይቶ ነው፤ ተጠቅልሎ የገባ ነገር ተጠቅልሎ ይወጣልና። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ተልዕኮ በጎንደር አጠገብ ካለው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳው አልጦ፣ በምትካቸው ከተልዕኮው አባላት አንዱ የሣላቸውን ቅጂዎች አስቀምጦ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል።

ወደ አምስተርዳም እንመለስ። የቤቱ ዕዳ አልተከፈለም። ዓመታት አለፉ፤ ሬምብራንት ወለዱን እንኳ በወጉ መክፈል ተወ። በ1653 ሻጩ ሂሳቡን አሠርቶ ሲያቀርብለት ከ8,000 ጊልደር በላይ ሆኖ ተገኘ። እርሱም ከወዳጆቹ ተበደረ፤ ዕዳን በዕዳ ሸፈነ። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ ዳንኤል ፒንቶ ቤቱን ከፍ ለማድረግ ግንበኛና አናጢ አስገባ፤ ሁለቱ ቤቶች የተያያዙ ናቸውና በጥገናው ወጪ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሠዓሊው እንግዲህ ከላይ በጸጥታ ፊት እየሣለ፣ ከጎኑ ያለው ግድግዳ ይደበደብ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ የፒንቶ ትንባሆ ተከማችቶ ነበር ይባላል። ሰላም ያለው የሥራ ቤት ምን ያህል ከሰላማዊ ጎረቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

በሐምሌ 1656 ሬምብራንት ንብረቱን ለአበዳሪዎቹ አስረከበ። የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች በዋናው በር ገብተው፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ መዘገቡ። ዝርዝሩ 363 ተራ ቁጥር አለው። እኔ ይህን ዝርዝር እንደ ግጥም የሚነበብ አድርጌ አያለሁ። ጸሐፊዎቹ ስሜት አልጻፉም፤ የጻፉት «በመግቢያው አዳራሽ»፣ «በጎን ክፍሉ»፣ «በትንሹ የሥዕል ክፍል»፣ «በትልቁ የሥዕል ክፍል» እያሉ ነው። ያ ሰው በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እያንዳንዱን ግድግዳ በምን እንደሞላ የምናውቀው በኪሳራው ምክንያት ነው። ቤቱ በ1911 ሙዚየም ሆኖ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ ጥንቱ መልሰው ሲያደራጁት የተመሩት በዚሁ የባለ ዕዳ መዝገብ ነው።

በ1658 ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ያወጣው 11,218 ጊልደር ነው፤ ከተገዛበት ያነሰ። የገዛው ጫማ ሰፊ ነበር። በሽያጩ ውል ላይ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ በውሏ መሠረት ሬምብራንት ከቤቱ ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት ሁለት ምድጃዎችንና በጣሪያው ሥር ለተማሪዎቹ ያቆማቸውን መከለያዎች ነው። ከግንቡ፣ ከሳንቃው፣ ከመስኮቱ፣ ከበሩ ሁሉ የእርሱ የቀሩት እነዚያ ተነቃይ ግድግዳዎች ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በሮዘንግራኽት አንድ ቤት ተከራየ። ሰፈሩ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። በ1660 አብራው የምትኖረው ሄንድሪክዬና ልጁ ቲቱስ በስማቸው የሥዕል ንግድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሬምብራንት ለሁለቱ ተቀጣሪ ሆነ። አበዳሪ እንዳይነካው የተዘጋጀ ሕጋዊ በር ነበር።

በዚያ ቤት ሳለ ነው የሕይወቱን ትልቁን ግድግዳ ያገኘው። የአምስተርዳም ሰዎች አዲስ የከተማ አዳራሽ ሠርተው ነበር፤ ዛሬ ቤተ መንግሥት ነው። በአዳራሹ ቅስቶች ሥር የሚገቡትን ሥዕሎች ሊሠራ የተዋዋለው የሬምብራንት የቀድሞ ተማሪ ጎቨርት ፍሊንክ በ1660 በድንገት ሲሞት ሥራው ለሌሎች ተከፋፈለ። ለሬምብራንት የክላውዲውስ ሲቪሊስ ሤራ ደረሰው። ሥዕሉ በቁመትም በስፋትም አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነበር፤ ከ«የሌሊት ዘብ» የሚበልጥ። በ1662 ተሰቀለ። በዚያው ዓመት ወረደ። የከተማው ሹማምንት ለምን እንዳልወደዱት የጻፉት ነገር የለም። በቦታው ፍሊንክ ጀምሮት የነበረውን ንድፍ ዩርገን ኦቨንስ የተባለ ሠዓሊ በ48 ጊልደር ጨርሶ ሰቀለው።

አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን ሸራ ወደ ሮዘንግራኽት ተመልሶ መጣ። ማን ይገዛዋል? የትኛው ሳሎን ይችለዋል? ዛሬ በስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም የምናየው ቁራጭ ቁመቱ 196፣ ስፋቱ 309 ሴንቲ ሜትር ነው። የቆረጠው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የብዙዎቹ ሊቃውንት ግምት አንድ ነው፤ ራሱ ሬምብራንት፣ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ሊገባ የሚችል ነገር እንዲሆን ብሎ። ቅስቱ፣ አዳራሹ፣ ደረጃው ሁሉ ተቆርጦ ቀረ። በሰይፎቻቸው ላይ የሚማማሉት ሰዎችና በመካከላቸው የሚነደው ብርሃን ተረፉ።

በጥቅምት 1669 ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መንከራተታቸውን ቀጠሉ። በ1715 «የሌሊት ዘብ»ን ከክሎቬኒርስዱለን አውርደው ወደ ከተማው አዳራሽ ወሰዱት፤ ሲቪሊስን ወደ መለሰው ወደዚያው ሕንፃ። እንዲሰቀል የታሰበበት ግድግዳ በሁለት በሮች መካከል ነበር። ለኩት፤ አልገባም አለ። በሩን ማዛወር ውድ ነው፤ ግድግዳ አይለጠጥም። ስለዚህ ሥዕሉን ቆረጡት። ከግራ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ 22፣ ከታች 12፣ ከቀኝ 7። በግራ በኩል የነበሩ ሁለት ሰዎችና አንድ ልጅ ጠፉ። ቁራጮቹ እስካሁን አልተገኙም። ካፒቴኑ ቀድሞ ከመሐል ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ይራመድ ነበርና ጓዱ በእርግጥ ወደፊት የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ከቆረጣው በኋላ ግን ካፒቴኑ ወደ መሐል ገባ፤ እንቅስቃሴውም ደነዘዘ።

የጠፋው ክፍል ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው ጌሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ ከመቆረጡ በፊት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በትንሹ ስለ ቀዳው ነው። ሉንደንስ የቀዳው በአንድ ሳንቃ ላይ ነው፤ በየትኛውም በር የሚወጣ፣ በየትኛውም ግድግዳ የሚሰቀል። በ2021 የራይክስሙዚየም ባለሙያዎች ይህን ቅጂ መነሻ አድርገው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካይነት፣ የጎደሉትን ጠርዞች በሬምብራንት አሣሣል አስመስለው አተሙና ለጥቂት ወራት በዋናው ሥዕል ዙሪያ ሰቀሏቸው። ሦስቱ ከ306 ዓመት በኋላ በእንግድነት ተመልሰው፣ እንደገና ሄዱ።

ራይክስሙዚየም በ1885 ሲከፈት አርክቴክቱ ፒየር ካይፐርስ ለዚህ ለአንድ ሥዕል የሚሆን አዳራሽ በሕንፃው ልብ ውስጥ ሠርቶለት ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ፣ በአደጋ ጊዜ ሥዕሉን በፍጥነት ማውጣት እንዲቻል፣ በሥዕሉ ፊት ለፊት ባለው ወለል ላይ ረጅም ቀጭን መክፈቻ ተበጀለት፤ ሸራው ቀጥ ብሎ እንደቆመ በዚያ ወደ ታች እንዲወርድ። በጦርነቱ ዘመን «የሌሊት ዘብ» ከአምስተርዳም ወጥቶ፣ በእንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ መጨረሻ በማስትሪክት አጠገብ በሲንት ፒተርስበርግ ዋሻ ከርሞ ተመልሷል። የወለሉ በር ዛሬም አለ፤ የተዘጋ ነው፣ ጎብኚዎች ቀና ብለው ሥዕሉን እያዩ ይረግጡታል።